እህቴን የደበቅንበት ኅዳር

ጥቅምት 24

የሺ መጣች፣ ከነልጇ። በጠራራ ፀሐይ፣ በባጃጅ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ። እማዬ "ምን ሆነሽ ነው?" አላለቻትም። "ምሳ በልተሻል?" ነው ያለቻት። እማዬ እንደዚህ ናት፤ ቤቱ ቢቃጠል መጀመሪያ ወጡን ከምድጃ ታወርዳለች።

የእህቴ ግራ ዓይን ተዘግቷል። ከንፈሯ ላይ ደም ደርቋል። ሆዷ ደግሞ ስምንት ወር ገብቷል። የበሩን መቀርቀሪያ እንጨት ነቅዬ ልወጣ ስል እማዬ በቀሚሴ ያዘችኝ።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ልገድለው።"

"ባሏ ቤት፣ ቀወት ድረስ በእግርሽ? ጫማሽ እንኳ ተበጥሷል።"

የሺ ሳቀች። በዚያ ከንፈር። ከዚያ አለቀሰች።

የምጽፍበት የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ደብተሬ ነው፤ ግማሹ ባዶ ነው። ትምህርት ያቋረጥኩት አምና ነው። አንድ ልጅ "የእህትሽ ባል ገበያ መሀል በጥፊ ሲላት አየሁ" ብሎ ሲስቅ በወንበር እግር ግንባሩን አልኩት። ወላጅ አምጪ ተባልኩ። እማዬ "ሄጄ ምን ልበል?" ብላ ቀረች፣ እኔም ቀረሁ። አልቆጨኝም።

አመሻሹ ላይ ደጅ መኪና ቆመ። የጎረቤት መኪና ነው። የየሺ ልጅ ቤዛ ምንም ሳትል አልጋ ሥር ገባች። አራት ዓመቷ ነው፤ ማንም ግቢ አላላትም። ከዚያ ሥር ሆና "ብርቱካን፣ አንቺም ነይ፣ ቦታ አለ" አለችኝ።

ጥቅምት 25

ደረጄ አልደወለም። ቢደውልና ቢሳደብ ይሻለኛል።

ደረጄ የየሺ ባል ነው። አይሱዙ ይነዳል፣ ሽንኩርት ይጭናል። ሰው ሁሉ ይወደዋል። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ደርሶ ድንኳን የሚተክለው እሱ ነው። እኔም ድሮ ጋሽዬ ነበር የምለው። የሺ ከዚህ በፊትም ሸሽታ መጥታ ነበር፣ አንዴም አይደለም። በመጣች ቁጥር ሽማግሌ እየመጣ መልሷታል።

አሁንም ይመጣሉ። እማዬ ከወዲሁ ወንበሮቹን እየቆጠረች ነው፤ ከጎረቤት አግዳሚ ልትዋስ።

ጥቅምት 26

ስልኬ ላይ ስፈልግ ዋልኩ። "ለተጎዱ ሴቶች ድርጅት"። "ለሴቶችና ለሕፃናት መጠለያ"። አዲስ አበባ አለ፣ የት የት አለ፤ ሸዋ ሮቢት ብዬ ስጽፍ የሆቴል ማስታወቂያ ያመጣልኛል። በመጨረሻ ቴሌግራም ላይ አንዱ መለሰልኝ። "ውድ እህታችን፣ ድርጅታችን ቤትና ቀለብ ይሰጣል። የእህትሽን ፎቶና ያለችበትን አድራሻ ላኪ።"

"ቢሮአችሁ የት ነው?"

"የምንሠራው በኦንላይን ነው።"

"እንግዲያው በኦንላይን አስተኛት" አልኩት። ብሎክ አደረገኝ።

ለኑርሃን ነግሬያት በሳቅ ፈረሰች። ኑርሃን መናኸሪያው አጠገብ የጁስ ቤት አላት፣ የምሠራው እሷ ጋ ነው። በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች ግን "እትዬ ካልሽኝ አባርርሻለሁ" ብላኛለች። ያልነገርኳት ነገር አለ። ፎቶውን መርጬ ነበር። ልልክለት አንድ ጣት ነበር የቀረኝ።

ጥቅምት 28

የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። የተቀመጠችው ሴትዮ ጥሩ ሰው ናት፣ እውነቱን ልናገር። ወንበር ሰጠችኝ። "ደብረ ብርሃን መጠለያ አለ፤ እጽፍላታለሁ፤ ግን መንገዱ ሲከፈት ነው" አለችኝ። መንገዱ ከተዘጋ ሰነበተ። መቼ ይከፈታል ስላት እጇን ዘረጋች፣ ዝናብ ይዘንባል ወይ ብለው እንደጠየቁት ሰው።

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያ ዘመድ ጋ ትቆይ።"

"ዘመድ ጋ ነው እኮ መጥቶ የሚወስዳት!" ጮህኩባት። እሷ ላይ ምን አስጮኸኝ? ወጥቼ ተመልሼ ይቅርታ ልላት አስቤ ነበር። አላልኩም።

ጥቅምት 30

መጡ። በጋሼ ተፈራ መሪነት። ጋሼ ተፈራ ሽማግሌ ሲሆኑ የሚለብሱት የተለየ ካፖርት አላቸው፣ በዚህ ሙቀት። ደረጄ ከሁሉም ዝቅ ብሎ፣ ዱካ ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ስኳር ይዞ መጥቷል። ለቤዛ ከረሜላ። ቤዛ አልጋ ሥር ናት።

"ልጄ፣ ሆድሽ ገፍቷል፣ ቤትሽ ነው የሚያምርብሽ" አሏት ጋሼ ተፈራ። "እሱም በድያለሁ ብሏል። አይደለም እንዴ ደረጄ?"

"በድያለሁ" አለ። ድምፁ እንደ ቅቤ ነው። "ሥራ አበሳጭቶኝ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሽንኩርቱ መኪና ላይ በሰበሰ።"

"ሽንኩርቱ ሲበሰብስ ለምን ሽንኩርቱን አልመታኸውም?" አልኩት።

"ብርቱካን!" እማዬ ናት።

ደረጄ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። "ጋሽዬ ማለት ተውሽ?" ያቺን ፈገግታ ምን እንደምላት አላውቅም።

የሺን ማንም አልጠየቃትም። በሚቀጥለው ሳምንት መጥተው ሊወስዷት ተስማሙ። መርቀው ሲነሡ እማዬ ከሁሉም አስበልጣ አሜን አለች።

በኋላ ኩሽና ገብቼ ለምን አልኳት። "ሽማግሌ ረግጬ የት አገር ልኖር ነው?" አለችኝ። ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ "አባትሽም መጀመሪያ እንዲህ ነበር። ልጅ ሲበዛ ይበርዳል።"

አባዬ እንዲህ አልነበረም። አባዬ ከገበያ ሸንኮራ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። የእማዬ ጣት የተጣመመው በር ተዘግቶባት ነው፣ ራሷ ነግራኛለች። ለምን አባዬን እንዳነሣችው አልገባኝም።

ኅዳር 3

ኑርሃን ፓፓያ እየላጠች፣ ቀና ሳትል፦ "አንድ ቤት አለ። ግን አፍ ይፈልጋል። የሚዘጋ አፍ።"

"አለኝ።"

"እሱን ነው የምጠራጠረው።"

ወሰደችኝ። ከገበያው ጀርባ፣ የቆርቆሮ በር ያለው የማሾ መጋዘን ነው። በልጅነቴ ስንት ጊዜ በደጁ አልፌያለሁ። ውስጥ ሴቶች ክብ ሠርተው ማሾ ይለቅማሉ፤ ጠጠሩን ለብቻ፣ አረንጓዴውን ለብቻ። ከጓዳ ሕፃን ያለቅሳል። አንዷ ከአጣዬ የመጣች ልጅ ናት፣ ከእኔ ታንሳለች፣ ስትለቅም እንኳ ጀርባዋን ግድግዳ ታስደግፋለች።

የመጋዘኑ ባለቤት እትዬ መሪያም ትባላለች። ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና። ቤቱን ያቆመችው ከከተማው ሴቶች ጋር ነው፤ ወፍጮ ቤት ያላት፣ ፀጉር የምትሠራ፣ የሆቴል ባለቤት፣ አንዷም ስሟ እንዲጠራ አትፈልግም። አሠራራቸው ገረመኝ። አንድም ሰው በእጁ ነገር ይዞ ወደዚያ በር አይሄድም። ሳሙና መስጠት የፈለገች ሳሙናውን ማሾ ከረጢት ውስጥ ቀብራ ትልካለች። ዘይቱ በማሾ፣ የሕፃን ልብስ በማሾ። ደጅ ለሚያይ ሰው ንግድ ነው።

"ሰው የሚመጣው ማሾ ሊሸጥ ወይ ሊገዛ ነው" አለችኝ። "ጠያቂ ዘመድ የለም። እናትም ብትሆን።"

"እማዬ ለማንም አትናገርም።"

"አፏ አይናገር ይሆናል። ፊቷን ምን ታደርጊዋለሽ?"

ኅዳር 4

ወሰድናት። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ። የሺ ማሾ ሻጭ መስላ፣ ቤዛን አዝዬ እኔ ከኋላ። ልቤ ጆሮዬ ላይ ይመታል። በፍርሃት አይደለም፣ ቤዛ ስለከበደችኝ ነው።

ኅዳር 6

ሽማግሎቹ መጥተው ባዶ ቤት አገኙ። እማዬ "በመድኃኔዓለም፣ የት እንዳለች አላውቅም" ብላ ማለች። እውነቷን ነው። እኔን አላማሉኝም፣ ልጅ ናት ብለው። ደረጄ ብቻ ሲወጣ ደረቴ ላይ ያለውን የጁስ ቤት ሽርጥ ነካ አድርጎ፦ "አሁንም ኑርሃን ጋ ነሽ?"

ማታ እማዬ አጠገቤ ተኝታ፦ "ትበላለች?"

"ማን?"

"ዝም በይ እሺ። ትበላለች ወይ ብቻ ንገሪኝ።"

"ትበላለች።"

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ኅዳር 9

ለቤቱ መለመን ጀመርኩ። እትዬ መሪያም "ምላስሽ ለአንድ ነገር ይጥቀም" ብላ ነው። ፀጉር ቤቷ የሕፃን ብርድ ልብስ ሰጠች። ወፍጮ ቤቷ የገብስ ዱቄት። አንድ ባለሱቅ ሞደስ ስለው ፊቱ ቀላ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ወረወረልኝ፣ ሰረቅሁት ነው የሚመስለው። ሌላው ሀብታም ደግሞ "እሰጣለሁ፣ ግን ለሴቶቹ ሳስረክብ ቪዲዮ ቅረጪልኝ፣ ቲክቶክ ላይ የምለቀው" አለኝ።

"እነሱ መደበቃቸው ነው እኮ ጋሼ።"

"ፊታቸውን እናደበዝዘዋለን።"

"የእርስዎን እናደብዝዘው?" ብዬው ወጣሁ። ኑርሃን ተቆጣችኝ፤ ዘይት ይሰጥ ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የእኔ አፍ ስንት ጀሪካን ዘይት ያስከፍላል። ግን ዛሬ ደስ ብሎኛል። ዕቃውን ከረጢቱ ውስጥ በክንዴ ስቀብር ማሾው ይቀዘቅዘኛል።

ኅዳር 12

ደረጄ ጁስ ቤት መጣ።

ኅዳር 13

ዛሬም።

ኅዳር 14

ፓፓያ ያለ ስኳር ነው የሚያዘው። በሩን እያየ ይጠጣል። አይሳደብም፣ አይጠይቅም። "ብርቱዬ፣ ስትወልድ ገንፎውን ማን ያገንፋላት ይሆን?" አለኝ ዛሬ። "እኔ እንጃ ሆዴን በላኝ።" አጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች "ወይ ምስኪን" አሉት።

ማንኪያ ሳጥብ ሦስቴ ወደቀብኝ። ሳሙናው ያንሸራትታል።

ኅዳር 16

ጾም ገባ። እትዬ መሪያም ዛሬ ያልታሰበኝን ነገር አሰበች። የሺ ስትወልድ ቅቤ ያስፈልጋል። በጾም ቅቤ የሚገዛ ክርስቲያን ማን ነው? አራስ ያለበት ቤት። የቅቤ ተራዋ ሴትዮ ታውቃለች፣ ለሌላዋ ትነግራለች፣ ሲመሽ ደረጄ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ቅቤውን ኑርሃን ትገዛለች። የእስላም ቤት ቅቤ ማንም አይቆጥርም።

"ለመጀመሪያ ጊዜ በጾማችሁ ጠቀምኳችሁ" አለች ኑርሃን።

እንዲህ ሁሉን አስበዋል። ሁሉን።

ኅዳር 19

አበላሸሁ። ጻፊ፣ ብርቱካን፣ ጻፊ።

ደረጄ ጁሱን እየጠጣ ለጓደኛው፦ "ሴት ልጅ የትም ብትሄድ ምጥ ሲይዛት የባሏን ስም ነው የምትጠራው" አለ። ሳቁ። ብርጭቆውን ከፊቱ አንሥቼ ፊቱ ላይ ደፋሁት። ፓፓያው ከቅንድቡ ላይ ሲንጠባጠብ "ምጧንም አታየውም፣ ልጇንም አታየውም፣ አጠገብህ ሆና እንኳ አታገኛትም!" አልኩት።

ፊቱን በሶፍት ጠረገ። ጓደኛው ሊመታኝ ሲነሣ እሱ ነው የያዘው። "ተዋት" አለው። ቀስ ብሎ፦ "አጠገቤ ናት ማለት ነው።"

ኑርሃን አልጮኸችብኝም። በሩን ዘግታ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና "መንገዱ ቢዘጋም ከከተማ ወጥታለች ብሎ ያስብ እንደሆነ ብዬ ነበር፣ በእግር በገጠሩ። አሁን ነገርሽው" አለችኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተናገርኩት። ለምንድነው እንደዚህ የተፈጠርኩት?

ኅዳር 22

ከሥራ ስወጣ አንድ ባጃጅ ከኋላዬ። ስቆም ይቆማል። ሽንኩርት ተራ ገብቼ ስዞር ስዞር አምሽቼ ቤት ገባሁ። መጋዘኑ ጋ አልሄድም ከእንግዲህ። ከረጢቱን ኑርሃን ታድርስ።

አልፈራሁም። ጠንቃቃ ሆኜ ነው።

ኅዳር 27

ደብተሬ ሽርጤ ውስጥ ስለነበረ ነው ይሄን የምጽፈው።

ማለዳ ኑርሃን ጆሮዬ ላይ፦ "ወለደች። ሴት። ጤና ጣቢያ ወልዳ ሌሊቱን ወደ ቤቱ ተመልሳለች። ሁለቱም ደህና ናቸው።" ፓፓያውን ይዤ ዘለልኩ። ኑርሃን ከሰዓት ቅቤ ልትገዛ ነው። ሁሉ ነገር እንደታሰበው እየሄደ ነበር።

ለእማዬ አለመናገር ነበረብኝ። አውቃለሁ። ምሳ ሰዓት ቤት ስገባ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። አላየችኝም። የቤዛን ትንሽ ቀሚስ ነው የምታሰጣው፤ ቤዛ ከሄደች ወዲህ ማንም አላቆሸሸውም። አጥባዋለች በቃ። እዚያ ላይ አቃተኝ። ጠጋ ብዬ "እማዬ፣ የሺ ተገላገለች። ሴት" አልኳት፣ በሹክሹክታ።

እማዬ እልል አለች።

አላሰበችውም። ምላሷ ነው ያለው። ልጅ ተወለደ ሲባል የማትለቅ እናት የት አለች? አፏን ልይዛት ስዘረጋ ሁለተኛውን ለቀቀች፤ ሦስተኛው ጣቶቼ መሀል ወጣ። ከዚያ ራሷ ሰማችው። ዓይኗ ፈጠጠ። በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ አስካለ ድምፅ፦ "ሦስት ነው! ሴት ናት! ማን ወለደ?" ከእሷ ወዲያ ሌላዋ፦ "የሺ ትሆናለቻ! እሰይ፣ ማርያም ማረቻት!" ወዲያው በሩ ተከፍቶ ጎረቤቱ ሁሉ ገባ። ደስ ብሏቸው ነው እኮ። "የት ነው የተኛችው? ገንፎ ይዘን እንሂድ እንጂ! አራስ ብቻዋን ትተኛለች እንዴ?" እትዬ አስካለ ከደረጄ እናት ጋር አንድ ማህበር ይጠጣሉ። እማዬ "እኔ የት አውቄ" ትላለች፣ ያ ፊቷ ግን እንደ ሻማ እየበራ።

ስልክ ሞከርኩ፣ ኔትወርክ የለም። ሮጥኩ። ልነግራቸው። በቃ፣ ሌላ ነገር አልታየኝም። በገበያው መሀል፣ በሰው ላይ እየተላተምኩ፣ በቀጥታ። እትዬ መሪያም በሩን ስትከፍት እኔን አላየችኝም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ መንገዱን አየች። ፊቷ ተለወጠ።

ዞሬ ሳይ ባጃጁ ጥጉ ላይ ቆሟል።

ኅዳር 28

ትናንት እዚሁ መጋዘኑ ውስጥ አደርኩ፣ መውጣት አልችልም። የሺ ልጇን ጡት ላይ አድርጋ ተኝታለች። ሕፃኗ እንደ ድመት ግልገል ናት። የሺ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ምን ነበረበት።

ጠዋት መጡ። ጋሼ ተፈራ በካፖርታቸው፣ ሁለት ሽማግሌ፣ ደረጄ። እትዬ መሪያም ወጥታ ደጁን በከረጢት ዘግታ ተቀመጠችበት። እኔ በቆርቆሮው ቀዳዳ አያለሁ።

"እንዴት አደርሽ መሪያም?"

"አልሐምዱሊላህ ጋሼ። ማሾ ፈልገው ነው? የተለቀመ አለኝ።"

"ሚስቴን ልወስድ ነው" አለ ደረጄ።

"ሚስት አንሸጥም።"

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ አመለጠው። ጋሼ ተፈራ ገላመጡት። "ነገሩን አታጣጥይው መሪያም። ልጅ ተወልዷል። አባት ልጁን አይይ የሚል ሕግ የለም።"

"ጋሼ፣ እርስዎ የሃይማኖት ሰው ነዎት፣ ያስተምሩኝ። በእናንተ ጠበል ሳይረጭ አራስ ቤት የገባ ሰው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል?"

"አይሳለምም።"

"ታዲያ እንዲገቡ ነው ወይስ እንዳይሳለሙ ነው የሚፈልጉት?"

ዱላቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። "ነገ ቄስ ይዘን እንመጣለን" አሉ በመጨረሻ። "ጠበል ይረጫል፣ ከዚያ ቤቷ ትገባለች።"

እነሱ ሲዞሩ ደረጄ አልዞረም። በእትዬ መሪያም ራስ ላይ እጁን አሻግሮ መዳፉን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ። ፊቴ ትይዩ። የእጁ ጥላ ቀዳዳዬን ደፈነው።

"የሺዬ" አለ፣ ቀስ ብሎ። "ልጃችን ማንን ትመስላለች?"

ከኋላዬ አንድም ሴት አልተነፈሰችም። ቤዛ ከከረጢቶቹ ኋላ ገብታ ነበር። የአጣዬዋ ልጅ ግድግዳው ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት። ሕፃኗ እንኳ ዝም አለች። ያ መዳፍ መቼ እንደተነሣ አላውቅም። ቀዳዳው ብርሃን ካስገባ በኋላም እጁ እዚያው ያለ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር 29

ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ ወጡ። ሁሉም። የሺ ብቻ አይደለችም እኮ፤ ቤቱ ታወቀ ማለት ለሁሉም ታወቀ ማለት ነው። ሁሉም የሚያሳድዳቸው ሰው አላቸው። ይሄን እስከ ትናንት ድረስ አላሰብኩትም። የእኔ እህት፣ የእኔ እህት ስል ሌሎቹ ከጎኔ ማሾ ይለቅሙ ነበር።

የአጣዬዋ ልጅ ጥቅልሏን ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ "እዚህ መተኛት ጀምሬ ነበር" አለችኝ። አልተቆጣችም። እንደ ወሬ ነው የነገረችኝ።

የሺ ጉንጬን ሳመችኝ። "እማዬን አትጩሂባት" አለች።

ሽማግሎቹ ቄስ ይዘው መጡ። እትዬ መሪያም በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው። ባዶ ቤት ጠበል ተረጨ።

ታኅሣሥ 1

እማዬ ከዚያን ቀን ወዲህ አትተኛም። ሌሊት ስትነሣ እሰማታለሁ። ዛሬ እትዬ አስካለ ገንፎ ይዛ መጥታ "ለአራሷ አድርሱልኝ" አለች። እማዬ ተቀብላ አመሰግናለሁ አለች፣ በሩን ዘጋች፣ ቆማ ከነትኩሱ በጣቷ በላችው። እያለቀሰች። "እናቴም ለእኔ ይዛ ስትመጣ" አለች፣ "አባትሽ ከደጅ መልሷታል።" ከዚያ ሳህኑን አጠበች።

ሳህኑን ተቀብዬ አደረቅሁት።

ታኅሣሥ 4

መንገዱ ሁለት ቀን ተከፍቶ ተዘጋ። የማሾ መኪኖች አልፈዋል። እትዬ መሪያም ጋ ሄድኩ፣ ብቻዋን ትለቅማለች።

"ደህና ናቸው" አለችኝ ሳልጠይቃት።

"የት ናቸው?"

"ደህና ናቸው አልኩሽ።"

"ደብረ ብርሃን? አዲስ አበባ? ወደ አሊዩ አምባ ናት? እህቴ እኮ ናት!"

ማሾዋን አስቀመጠች። "ለብርቱካን እንዳትነግሩ ያለችው እህትሽ ናት። አስምላናለች።"

ወንፊቱን አንሥቼ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ምን ምን እንዳልኩ ልጽፈው አልፈልግም። "እኔ ነኝ እዚህ ያመጣኋት!" አልኳት።

"አዎ" አለች። "እሱንም አንቺ ነሽ ያመጣሽው።" የተበተነውን አብረን ለቀምን። ሲያልቅ ባዶ ከረጢት እጄ ላይ አስቀመጠች። "ሌላ ቤት እየፈለግን ነው። የት እንደሆነ አትጠይቂኝ። ሳሙና ግን ያስፈልጋል።"

ሄጄ ሰበሰብኩ። እያለቀስኩ ስለምናቸው ሰዎቹ የበለጠ ሰጡኝ። ቲክቶክ ያለኝን ሰውዬም ይቅርታ ጠየቅሁት። ዘይት ሰጠኝ፣ ያለ ቪዲዮ። ግን ንዴቱ አልበረደልኝም። የሺ እኔን አታምነኝም። ሰው አንድ ጊዜ አፉ ስላመለጠው እንደዚህ ይደረጋል? ብመታ፣ ብታረድ እንኳ የማልናገር እኔ፣ ለእሷ ስል?

ታኅሣሥ 11

ኑርሃን ለቀትሩ ዙሁር ሶላት ጓዳ ገብታለች። ሰው የለም፣ ሙቀቱ ሁሉንም ወደ ቤቱ አስገብቷል። ቀና ስል ደረጄ ባንኮኒው ውስጥ ቆሟል፣ እኔ በቆምኩበት በኩል። እንዴት እንደገባ አላየሁም።

አልጮኸም። የእጄን አንጓ ያዘ። መጀመሪያ ሰላም የሚል መስሎኝ ነበር፣ እንደዚያ ነው የያዘኝ። ከዚያ ጠመዘዘው።

"የት ናት?"

"አላውቅም።"

"ብርቱዬ።" ጨመረው። በውስጡ የሆነ ነገር ተንቋቋ። ትንፋሹ የከረሜላ ሽታ አለው። "አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ። ከተማዋን ብቻ። ሌላ አልፈልግም።"

ልሰድበው ነበር። ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ስድብ አለ፣ ሳልፈልገው የሚመጣ። አልመጣም። ሽርጤ እርጥብ ሆነ፣ ውሃ ነው አልልም። ሌላው እጄ ባንኮኒው ላይ ቢላዋ አጠገብ ነበር፤ ትዝም አላለኝ።

አፌን ከፈትኩ። እዚህ ላይ ነው። የምሰጠው ነገር ፈለግሁ። ከተማ፣ ሰፈር፣ የመኪና ቀለም፣ የሰው ስም። እንዲለቀኝ ብቻ። ጭንቅላቴን በሙሉ ፈተሽኩ፣ ምንም የለም። ውሸት እንኳ አልመጣልኝም። "አላውቅም፣ በእናትህ፣ አልነገሩኝም፣ እኔን አያምኑኝም" አልኩት። እያለቀስኩ። ጋሽዬ አልኩት።

ፊቴን አየው። እንደ ተበላሸ ሽንኩርት። ከዚያ ለቀቀኝ።

"እውነትሽን ነው፣ አታውቂም" አለ። ሁልጊዜ ከሚጠጣበት ብርጭቆ ሥር ሂሳቡን አስቀምጦ ወጣ፤ ምንም ሳይጠጣ።

ኑርሃን ከጓዳ ሮጣ ወጣች። እጄን አየችው። ሽርጤን አየችው፣ ውሃ አምጥታ ወለሉ ላይ ደፋችልኝ፣ ሁሉም እርጥብ እንዲሆን። ፖሊስ ጣቢያ ወሰደችኝ፣ ቃሌን ሰጠሁ፣ ጤና ጣቢያ አንጓዬን አሰሩልኝ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው። መንገድ ላይ አቅፋኝ ለሰው ሁሉ ትናገራለች፦ "እንዲህ አድርጓት እንኳ አልነገረችውም! ጀግና!" እማዬም ሰምታ ግንባሬን ሳመችኝ። "እንደ ብረት ነሽ" አለችኝ።

ዝም አልኳቸው።

ባውቅ ኖሮ እነግረው ነበር። በመጀመሪያው ጥምዘዛ። የሺ ያንን እጅ ታውቀዋለች።